ብርቅዬ የዶሮ ዝርያ ከመግዛት በፊት፦ መስህቡንና ወጪውን አብሮ ማስላት

ብርቅዬ ዝርያ ካላቸው ዶሮዎች የተሰበሰቡ 12 እንቁላሎችን ከሩቅ አርቢ አስመጥቶ ለማስፈልፈል ያሰበ ሰው ሒሳቡን ከመጨረሻው ቢጀምር ይሻላል። በመንገድ የተንገላታ እንቁላል በጥንቃቄ ቢያዝም እንኳ ከግማሽ ብዙም ያልበለጠው ብቻ እንደሚፈለፈል መጠበቅ ተገቢ ስለሆነ፣ ከ12ቱ 6 ጫጩት ቢገኝ መልካም ዕድል ነው። ከስድስቱ ሦስቱ አውራ ይሆናሉ። ከቀሩት ሦስት ሴቶች አንዷ የቀለም፣ የጣት ወይም የእግር ጉድለት ታይቶባት ለርቢ ሳትመረጥ ልትቀር ትችላለች። በስድስተኛው ወር ላይ በእጅ የሚቀሩት ሁለት ቄቦች ናቸው፤ እውነተኛ ዋጋቸውም የ12ቱ እንቁላሎች ክፍያ፣ የማስፈልፈያው መሣሪያ፣ የ21 ቀን ኤሌክትሪክና የስድስቱም ጫጩቶች የግማሽ ዓመት መኖ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። እኔ ይህን ስሌት የሠራሁት ገንዘቡን ካወጣሁ በኋላ ነበር። አስቀድሜ ሠርቼው ቢሆን ዶሮዎቹን ማርባቴን አልተውም ነበር፤ አጀማመሬ ግን ፍጹም የተለየ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየጠነከረ የመጣ አንድ እምነት አለኝ። በብርቅዬ ዶሮዎች ዘንድ ሰውን የሚስበው ነገርና ገንዘብ የሚያስወጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው፤ ከአንድ ዘረ መል ይወጣሉ፣ በአንድ ላባ ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ዝርያ የሚመርጥ ሰው የወደደውን መልክ ለይቶ ካወቀ በኋላ፣ ያ መልክ በዓመት ውስጥ ምን እንደሚጠይቅ ሳያጣራ ቀብድ መክፈል አይኖርበትም።

ብርቅዬ የሚባለው የትኛው ነው

ብርቅዬ የሚለው ቃል በሻጭ አንደበትና በዝርያ ጠባቂዎች መዝገብ ውስጥ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው ሬር ብሪድስ ሰርቫይቫል ትረስት፣ እንዲሁም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራ የጀመረውና ዛሬ ላይቭስቶክ ኮንሰርቫንሲ የሚባለው ድርጅት ዝርያዎችን የሚመድቡት በሕይወት ያሉ የርቢ ዶሮዎችን ቁጥር ይዘው ነው። ለምሳሌ በአሜሪካው መዝገብ አንድ የዶሮ ዝርያ እጅግ አደገኛ በሆነው ደረጃ ላይ የሚቀመጠው በአገሪቱ ያሉት የርቢ ዶሮዎች ከ500 ሲያንሱና በዓለም ዙሪያም ከ1000 እንደማይበልጡ ሲገመት ነው። በሻጭ ዘንድ ግን ብርቅዬ ማለት ገና በአካባቢው ያልተለመደ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዓይነት ብርቅነት ዕድሜው አጭር ነው፤ ዶሮ በዓመት ውስጥ በብዙ እጥፍ የምትራባ ፍጥረት በመሆኗ፣ ዛሬ ጥቂት ሰዎች ብቻ የያዙት ዝርያ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ በየጓሮው ሊገኝ፣ ዋጋውም አብሮ ሊወርድ ይችላል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኮቺን የሚባሉት ግዙፍ የእስያ ዶሮዎች እንግሊዝና አሜሪካ ሲደርሱ ሕዝቡን የያዘው የመግዛት ትኩሳት በታሪክ የዶሮ ትኩሳት ተብሎ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1849 በቦስተን ከተማ የተከፈተው የዶሮ ትርኢት እጅግ ብዙ ተመልካች ስቦ ነበር፤ ጥንድ ዶሮዎች ለማመን በሚከብድ ዋጋ ይሸጡ ነበር፤ በ1850ዎቹ አጋማሽ ግን ገበያው ወደቀ። በዚያ ከፍታ ላይ ገዝተው መልሰው በመሸጥ ለማትረፍ ያሰቡት ሰዎች ኪሳራ ደረሰባቸው፣ ዶሮዎቹን ራሳቸውን ወደው የያዙት ሰዎች ግን ዛሬም ያሉትን ዝርያዎች አቆዩልን። ስለዚህ ወጪውን ሲያሰሉ ከጫጩት ሽያጭ ይገኛል የሚባለውን ገቢ ባዶ አድርገው ይጀምሩ። ያለ ገቢው መሸከም የሚችሉት ወጪ ከሆነ ዝርያው ለእርስዎ ይሆናል።

የሚስበውና የሚያስከፍለው

ከኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት የመጣው አያም ቼማኒ ላባው ብቻ ሳይሆን ቆዳው፣ ምላሱ፣ ሥጋውና አጥንቱም ጥቁር ነው። ምክንያቱ ፋይብሮሜላኖሲስ የሚባል የዘር ለውጥ ሲሆን፣ በአንድ ክሮሞሶም ላይ ያለ ቁራጭ ተደግሞ በመጻፉ ቀለም ሠሪ ሕዋሶች ወደ መላው አካል እንዲሠራጩ ያደርጋል። ይኸው ለውጥ ሐር በመሰለው ላባው የሚታወቀው ሲልኪም አለው። የቼማኒው ጥቁረት በሁሉም ጫጩት ላይ እኩል ሙሉ አይሆንም፤ ምላሱ የሚቀላ፣ የእግሩ ውስጥ የሚነጣ፣ በአናቱ ላይ ያለው ሥጋ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ይወለዳል። መስህቡ ፍጹም ጥቁረቱ እስከሆነ ድረስ፣ ከእያንዳንዱ ፍልፈላ ለርቢ የሚበቁት ጥቂት ይሆናሉ፤ የቀሩት የበሉት መኖ በእነዚህ በጥቂቶቹ ላይ የሚታሰብ ወጪ ነው። እንቁላሉ ደግሞ እንደ ክሬም የነጣ ነው። ቼማኒ ጥቁር እንቁላል ይጥላል እያለ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎ ከእርሱ ምንም አይግዙ፤ ስለ ዝርያው አያውቅም ወይም እያወቀ ያታልላል።

ከቺሊ የመጣው አራውካና የሰማያዊ እንቁላል ባለቤት ነው። ሰማያዊው ቀለም የሚመጣው በጥንት ጊዜ ወደ ዶሮው ዘር ገብቶ ከቀረ የቫይረስ ቁራጭ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2013 ታውቋል፤ ቀለሙም ቅርፊቱን ከውጭ እስከ ውስጥ ዘልቆ ይገኛል። ይህ መስህብ ምንም ጉዳት የለውም። በአንዳንድ የአራውካና ዶሮዎች ጆሮ አጠገብ የሚበቅለው የላባ ጉፍታ ግን ሌላ ነገር ነው። የጉፍታውን ዘረ መል ከአባትም ከእናትም የወሰደ ጽንስ በእንቁላሉ ውስጥ ይሞታል፤ በመሆኑም ባለ ጉፍታን ከባለ ጉፍታ ጋር የሚያራባ ሰው ከአራት ጽንስ አንዱን ያጣል። እግራቸው እጅግ አጭር በሆነው በጃፓኑ ቻቦና በስኮትላንዱ ዳምፒም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፦ አጭር ከአጭር ጋር ሲራባ ሩቡ በእንቁላል ውስጥ ይሞታል፣ ሩቡ ረጅም እግር ይዞ ይወለዳል፣ የተፈለገውን መልክ የሚይዘው ግማሹ ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንዱን አጭር፣ ሌላውን ረጅም እግር ያለው አድርጎ ማገናኘት። ከሚፈለፈሉት ግማሾቹ አጭር ይሆናሉ፣ የሚሞት የለም። ላባው ወደ ላይ የተጠቀለለ ፍሪዝል የሚባለውን ዓይነትም እንዲሁ ለስላሳ ላባ ካለው ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ሁለት ጥቅልሎች ሲገናኙ ከልጆቹ ሩቡ ላባው እየተሰበረ ገላው ይራቆታል፣ ይበርደዋል፣ የሚበላውም ይጨምራል።

ሰማያዊ ግራጫ ላባ ያለው አንዳሉሲያም አዲስ ገዢን ያስደነግጣል። ሁለት ሰማያዊ ዶሮዎች ሲራቡ ሩቡ ጥቁር፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሩቡ ነጣ ብሎ የተረጨ ቀለም ያለው ይሆናል። ሻጩ አላጭበረበረም፤ ቀለሙ የሚወረሰው እንዲሁ ነው። ጥቁሩን ከተረጨው ጋር ማገናኘት ግን ሁሉንም ጫጩት ሰማያዊ ያደርጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሌሎች እንደ ጉድለት ቆጥረው በርካሽ የሚሸጧቸውን ጥቁርና የተረጩ ዶሮዎች ገዝቶ የሚፈልገውን ማግኘት ይችላል።

በራሳቸው ላይ ጉትያ የሚያበቅሉትን ፖሊሽ የሚባሉትን ዶሮዎች በቅርብ ያየ ሰው ፍቅሩ በቶሎ አይለቀውም። እኔም ከእነርሱ ጀምሬ ነበር። ጉትያው ሲረዝም ዓይን ላይ ይወድቅና ዶሮዋ ከላይ የሚመጣውን እጅ አታይም፤ ስለዚህ ሊይዟት ሲጠጉ ዘላ ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች። አስቀድመው በለስላሳ ድምፅ እየተናገሩ መቅረብ ይለመዳል። ጉትያውን በጣት ገልጠው ሥሩን ሲያዩ ደግሞ እንደ አመድ የተጣበቀ ነገር ካገኙ ቅንቅን ወይም የቅማል ቅጭ ነው፤ ዶሮዋ ልታየውም ሆነ በምንቃሯ ልትደርስበት ስለማትችል እዚያ በሰላም ይራባል። በየሳምንቱ ጉትያውን መፈተሽ፣ በርቢ ወቅት በዓይን ዙሪያ ያለውን ላባ መከርከም፣ አፉ የጠበበ የውሃ ማጠጫ መጠቀምና ከዝናብ መከለል ግድ ይሆናል። ለአምስት ዶሮ በሳምንት አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ይህን ሰዓት በደስታ የሚሰጥ ሰው ፖሊሽ ይያዝ፤ ለማይሰጥ ሰው ግን ዝርያው ውብ ቢሆንም አይመከርም።

ወጪው በቦታ የሚከፈልም አለ። የጃፓኑ ኦናጋዶሪ አውራ የጅራቱን ረጃጅም ላባዎች ስለማይጥል ጅራቱ ከ10 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ1952 ልዩ የተፈጥሮ ቅርስ አድርጋዋለች። ያ ጅራት እንዳይቆሽሽና እንዳይሰበር አውራው ለብቻው በረጅም ጠባብ ቤት ውስጥ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይኖራል፣ በሰው እጅ ታግዞ ይወጣል ይገባል። ይህ የአንድ ሰው የሕይወት ዘመን ሥራ ነው። በተቃራኒው የእንግሊዙ ዶርኪንግ መለያው አምስተኛ ጣቱ ነው፤ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ ሮማዊ የግብርና ጸሐፊ አምስት ጣት ያላቸውን ዶሮዎች ከሁሉ የላቁ አድርጎ ጠቅሷል። ይህን የመሰለ ረጅም ታሪክ ያለው ዝርያ ከጣት ቆጠራ በቀር የተለየ ድካም ስለማይጠይቅ ለጀማሪ እጅግ የሚስማማ ይመስለኛል።

ስንት አውራ፣ ስንት ሴት

ብዙ ሰዎች የሚገዙት አንድ አውራና ጥቂት ሴቶችን ነው። ለጓሮ ውበት ይበቃል፤ ዝርያን ለማቆየት ግን አይበቃም። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል፦ የአውራዎቹን ቁጥር በሴቶቹ ቁጥር ያባዙ፣ ውጤቱን በ4 ያባዙ፣ ከዚያ ለጠቅላላው የዶሮ ቁጥር ያካፍሉ። የሚገኘው ቁጥር መንጋው ከዘር ስፋት አንጻር ስንት ዶሮ ያህል እንደሚቆጠር ያሳያል። አንድ አውራና 10 ሴቶች 3.6 ብቻ ይሆናሉ፤ በእያንዳንዱ ትውልድ የዘመዳሞች ርቢ መጠን ወደ 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። ሴቶቹን 20 ቢያደርጓቸው ቁጥሩ 3.8 ይሆናል፤ በእጥፍ የጨመረው መኖ ምንም አልፈየደም። 4 አውራና 12 ሴቶች ግን 12 ይሆናሉ፤ የዘመዳሞች ርቢውም በትውልድ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። በ16 ዶሮ የተገኘው ውጤት በ21 ዶሮ ከተገኘው ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል፤ ልዩነቱን ያመጡት ሦስቱ ተጨማሪ አውራዎች ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ከሴት ይልቅ ከተለያየ ቤት የመጣ ሁለተኛ አውራ መግዛት ይቀድማል።

የዘር መጥበብ በድንገት አይታይም። መጀመሪያ የሚፈለፈለው እንቁላል ይቀንሳል፤ ቀጥሎ ጫጩቶቹ ከቅርፊቱ ለመውጣት ይደክማሉ፤ ቄቦቹ እንቁላል መጣል ይዘገያሉ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት በሽታ መቋቋማቸው ይዳከማል። ይህን ለማዘግየት ለትንሽ አርቢ የሚመቸው ዘዴ መንጋውን በሦስት ቤተሰብ መክፈል ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የተለየ ቀለም ያለው የእግር ቀለበት ይሰጡ፣ ለምሳሌ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ። የሚወለዱት ሴቶች በእናታቸው ቤተሰብ ይቆያሉ። ወንዶቹ ግን በየዓመቱ ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ይሻገራሉ፦ የቀይ ልጆች ወደ ሰማያዊ፣ የሰማያዊ ወደ ቢጫ፣ የቢጫ ወደ ቀይ። አቅጣጫው ፈጽሞ አይለወጥም። በዚህ መንገድ ወንድምና እህት ሳይገናኙ አዲስ ደም ከውጭ ሳያስገቡ ለብዙ ዓመታት መሄድ ይቻላል። የሚጠይቀው ሦስት የተለያየ ቤትና አጥር፣ እንዲሁም ሳይሰለቹ የሚጻፍ መዝገብ ነው።

አውራ ሲለዋወጥ አንድ ነገር አይርሱ። ሴቷ ዶሮ የአውራውን ዘር በአካሏ ውስጥ ለሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለሦስት ሳምንት ያህል ታቆያለች። አዲሱ አውራ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰበሰበ እንቁላል የቀድሞው ልጅ ሊሆን ስለሚችል፣ ለማስፈልፈል ከመሰብሰብ በፊት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ፤ ወር ቢሞላው የበለጠ ያስተማምናል።

መኖ፣ ቤትና ጤና

መካከለኛ ክብደት ያላት ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ ትበላለች፤ በዓመት 44 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከላይ የተጠቀሱት 16 ዶሮዎች ወደ 700 ኪሎ ግራም ይፈልጋሉ። ለንግድ የተመረጠች እንቁላል ጣይ በዓመት ከ300 በላይ ስትጥል፣ ብዙዎቹ ለውበት የተያዙ ዝርያዎች ከ100 እስከ 150 ቢጥሉ ጥሩ ነው። 100 የምትጥለዋ ለእያንዳንዱ እንቁላል 440 ግራም ያህል መኖ ታወጣለች፤ 300 የምትጥለዋ ግን ከ150 ግራም ባነሰ ትጥላለች። የብርቅዬ ዝርያን ወጪ በእንቁላል ገቢ መሸፈን የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ጫጩቶችም እስከ 20 ሳምንት ዕድሜ ድረስ በአማካይ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይበላሉ፤ 40 ጫጩት ለማሳደግ 320 ኪሎ ግራም ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ቦታ ላጠረው ሰው ሴራማና ሲብራይትን የመሳሰሉ ድንክ ዝርያዎች የመኖውን ወጪ ከግማሽ በታች ያወርዱታል።

ለርቢ የሚቀመጡ ዶሮዎች መኖ ለእንቁላል ጣይ ከሚሰጠው በቫይታሚን የበለጸገ ቢሆን ይመረጣል፤ ለሰው የሚበቃ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ጽንሱን ለማሳደግ የሚበቃ ቫይታሚን በአስኳሉ ውስጥ ላታኖር ትችላለች። የእንቁላል ጣይ መኖን ለጫጩት መስጠት ደግሞ በካልሲየም ብዛት ኩላሊቱን ይጎዳል። ለአውራዎቹም ካልሲየሙ ስለማያስፈልጋቸው ዝቅተኛ ካልሲየም ያለውን መኖ ለሁሉም ሰጥቶ፣ ለሴቶቹ የተፈጨ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ጠጠር በተለየ ዕቃ ማቅረብ ይሻላል።

በቤቱ ውስጥ ለአንድ ዶሮ ከ0.35 እስከ 0.4 ካሬ ሜትር፣ በውጭው አጥር ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር ይታሰብ። እንደ ብራህማ ላሉ ከባድ ዝርያዎች ቆጡ ዝቅ ይበል፤ ከከፍታ እየዘለሉ ሲወርዱ የእግራቸው መዳፍ ይቆስላል። እግራቸው ላባ የለበሰ ዝርያዎች ጭቃ አይስማማቸውም፣ ጉዝጓዛቸው ሁልጊዜ ደረቅ ሊሆን ይገባል። ሲልኪ በሮ ከአዳኝ ማምለጥ ስለማይችልና ላባው ውሃ ስለማይመልስ አጥሩ ከላይ ጭምር የተሸፈነ፣ ከዝናብ የሚከልል መሆን አለበት።

ስለ ክትባት የሚነገረው የአንዱ ጠብታ ዋጋ ነው፤ የትንሽ አርቢ ችግር ግን ሌላ ነው። ዶሮን ሽባ የሚያደርገው የማሬክ ቫይረስ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ ለ1000 ጫጩት በሚሆን ብልቃጥ ይመጣል፣ ከተበጠበጠ በኋላም በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። 15 ጫጩት ያለው ሰው የ985ቱን ይደፋል። ሲልኪና ሲብራይት ደግሞ በማሬክ በቀላሉ ከሚጠቁት መካከል ናቸው። በአቅራቢያ ካሉ ሌሎች አርቢዎች ጋር ተነጋግሮ እንቁላሎቹን በአንድ ቀን እንዲፈለፈሉ ማስገባትና አንድ ብልቃጥ ተካፍሎ መከተብ ትልቅ ወጪ ያድናል፤ የፈንግል ክትባትንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል።

አዲስ ዶሮ ከየትም ይምጣ፣ ምንም ያህል ንጹሕ ይምሰል፣ ለ30 ቀን ከመንጋው ተለይቶ ይቆይ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከራስዎ መንጋ አንድ ተራ ዶሮ አብረው ያስገቡ፤ እንግዳው የማይታይ በሽታ ተሸክሞ ከሆነ በእርሷ ላይ ይገለጣል። አንድ ጊዜ በዋጋው ውድነት ምክንያት ታማኝ ነው ብዬ ያመንኩትን አውራ በሦስተኛው ቀን ከሴቶቹ ጋር ቀላቅዬ፣ በወሩ መጨረሻ የግማሹን መንጋ ትንፋሽ በሌሊት እየሰማሁ አድሬአለሁ። ማይኮፕላዝማ የሚባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ነበር። ይህ በሽታ በእንቁላልም ወደ ጫጩት ስለሚተላለፍ የዳኑትን እንኳ ለርቢ መጠቀም አልቻልኩም፤ የሦስት ዓመት ምርጫ በአንድ ጥድፊያ ጠፋ።

ማስፈልፈልና መምረጥ

ለማስፈልፈል የሚሰበሰብ እንቁላል ከ13 እስከ 18 ዲግሪ በሚሆን ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ከ7 ቀን በላይም ባይቆይ ይመረጣል። ከሩቅ የመጣ ከሆነ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ለ24 ሰዓት ያሳርፉት። ማራገቢያ ባለው መሣሪያ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ይሁን፤ እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ። በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ይቆማል።

በምዕራብ ፈረንሳይ ከምትገኘው ማራን ከተማ ስሙን ያገኘው የማራን ዶሮ እንቁላል እንደ ቸኮሌት የጠቆረ ቡናማ ነው። ቀለሙ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት በቅርፊቱ ላይ የሚቀባ ስለሆነ ገና እርጥብ ሳለ በጣት ቢነኩት አሻራ ይቀራል፤ የወቅቱ የመጀመሪያ እንቁላሎች ከሁሉ ይጠቁራሉ፣ ዶሮዋ በጣለች ቁጥር እየፈዘዘ ይሄዳል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭ እንቁላልን በመብራት ሲያዩ በ7ኛው ቀን ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። የማራኑን ሲያዩ ግን የሚታየው የደበዘዘ ቀይ ጥላ ብቻ ነው፤ ሕይወት ይኑረው አይኑረው አይለይም። ስለዚህ በዓይን ፈንታ ሚዛን ይጠቀሙ። እያንዳንዱን እንቁላል ሲያስገቡ መዝነው በእርሳስ ይጻፉበት። በ18ኛው ቀን ከክብደቱ 12 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት፤ 60 ግራም የነበረው ወደ 53 ግራም ከወረደ እርጥበቱ ተስተካክሏል። ብዙም ካልቀነሰ እርጥበቱ በዝቷል፣ ጫጩቱ የሚተነፍስበት የአየር ከረጢት ጠቧል ማለት ነው፤ ስለዚህ 18ኛውን ቀን ሳይጠብቁ በ7ኛውና በ14ኛውም ቀን እየመዘኑ ማስተካከል ይገባል። መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ሁለት የሲልኪ ሴቶች ይያዝ። ሲልኪ በዓመት ደጋግማ ትታቀፋለች፣ የሌላ ዝርያ እንቁላልም ብትሰጧት አትለይም።

ምርጫው በሁለት ጊዜ ቢደረግ መኖ ይቆጥባል። በ8ኛውና በ10ኛው ሳምንት መካከል የተጣመመ ምንቃር፣ የጎደለ ጣትና የተወላገደ እግር ያላቸው ይለያሉ። ቀለምና ቅርጽ ግን ቢያንስ እስከ ስድስተኛው ወር ይቆይ፤ በዝግታ የሚያድጉት ትልልቅ ዝርያዎች ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። በሦስተኛው ወር ላይ ከሁሉ የሚያምረው ወጣት አውራ ብዙ ጊዜ በስምንተኛው ወር ከሁሉ የሚያምረው አይሆንም። አውራውን ሲመርጡ በሁለት እጅ ያንሱት፣ የደረቱን አጥንት በአውራ ጣትዎ ከላይ እስከ ታች ይዳስሱ፤ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ዓይኑን ይመልከቱ፣ ጣቶቹን ይቁጠሩ፣ ክንፉን ዘርግተው ላባው ክፍተት የሌለው መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ መልሰው ይልቀቁትና ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ይመልከቱት። ሴቶችን የሚያደማና በሰው ላይ የሚዘል አውራ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር ልጆቹ ጠባዩን ሊወርሱ ስለሚችሉ አይመረጥም።

ግማሹ ጫጩት አውራ መሆኑ የማይቀር ስለሆነ ለትርፍ አውራዎች የሚደረገው ነገር እንቁላሉ ማስፈልፈያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይወሰን። ለሥጋ የሚውሉ ከሆነ ቀኑ ይታወቅ። የሚቆዩ ከሆነ ሴት በማያዩበትና በማይሰሙበት አጥር አብረው ያደጉትን አንድ ላይ ማኖር ጠቡን ይቀንሳል። ውሳኔውን ያዘገየ ሰው አጥሩ ሞልቶ፣ ዶሮዎቹ ተጎሳቁለው፣ መኖው በእጥፍ ጨምሮ ያገኘዋል።

በመጨረሻም ከምርጦቹ መካከል ሁለተኛውን አውራና ሁለት ሴት እህቶቹን በየዓመቱ ለሌላ አርቢ ያለ ክፍያ ይስጡ፤ የቀለበታቸውን ቁጥርና የወላጆቻቸውን ስም ከመዝገብዎ ገልብጠው አብረው ይላኩ። ማይኮፕላዝማው መንጋዬን ከጨረሰብኝ በኋላ ዝርያውን እንደገና የጀመርኩት ከዓመት በፊት ለአንድ ወዳጄ ሰጥቼው ከነበረው አውራ በተወለዱ 9 እንቁላሎች ነው። አምስቱ ተፈለፈሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ።